ከአስፋልት ወዲያ፦ ለወሎ መንገድ የትኛው ካርታ ይታመናል?

መስከረም 21 ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል ከአዲስ አበባ የሚነሣ መኪና ደሴ እስኪደርስ ድረስ የሚመራው ካርታ የትኛውም ቢሆን ብዙ ለውጥ የለውም። በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ የሚያልፈው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ አንድ ዋና አስፋልት ነው፤ በዚያ ላይ መሳሳት ራሱ ይከብዳል። ነገሩ የሚለወጠው ከደሴ ወጥቶ ወደ ኩታበርና ወደ አምባሰል ተራሮች ሲታጠፍ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ወንዙ አልጎደለም፣ አፈሩ አልጠነከረም፣ ናዳ የወረደበት መንገድ ሁሉ አልተጠረገም። ስልኩ ላይ ያለው መስመር ግን በጥር የነበረው ያው መስመር ነው።

«የትኛው መተግበሪያ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ የስም ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። ለወሎ ሲሆን ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው እላለሁ። መተግበሪያው የማያውቀው መንገድ ላይ ሲደርስ ምን ያደርጋል? አላውቅም ይላል ወይስ የሚያውቅ መስሎ ይመራል? ከአስፋልት ወጥቶ ለሚነዳ ሰው ከመልኩም፣ ከድምፅ መመሪያውም፣ ከታዋቂነቱም ይህ ይበልጣል።

በቅድሚያ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ የሚያያቸውን ሦስት ነገሮች እንለይ። አንደኛው ጂፒኤስ ነው። ስልክ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ስለሆነ ለዚህ ሲም ካርድም ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። ቢያንስ አራት ሳተላይት ካገኘ ቦታውንና ከፍታውን ያሰላል፤ ሰማዩ በተገለጠበት ሜዳ ላይ ስሕተቱ አምስት ሜትር ገደማ ነው። የዛሬዎቹ ስልኮች ከአሜሪካው ጂፒኤስ በተጨማሪ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ ስለሚቀበሉ ገደል በከለለው መንገድ ላይም ከድሮዎቹ የተሻሉ ናቸው። ሁለተኛው ካርታው ነው፤ ማለትም መንገዱ፣ ወንዙ፣ ከተማው የተመዘገበበት መረጃ። ሦስተኛው ደግሞ ከዚህ እስከዚያ በየት በኩል እንደሚኬድ የሚመርጠው ስሌት ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ጂፒኤሱ አብሮ አይጠፋም። የሚጠፋው አስቀድሞ ስልኩ ላይ ያልወረደው ካርታና ከሩቅ ኮምፒውተር ይመጣ የነበረው ስሌት ነው። ባዶ ግራጫ ገጽ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቻ የምትቀረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ስልክ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ የሚነግረውን መረጃ ኢንተርኔት ሲኖር በፍጥነት ያወርዳል፤ ኢንተርኔት ከሌለ ያንኑ ከሳተላይቱ ቀስ ብሎ መቀበል ስላለበት የመጀመሪያውን ቦታ ለማግኘት ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ ካርታውን ከደሴ ወይም ከወልድያ ሳይወጡ ከፍቶ ነጥቧ እስክትረጋ መጠበቅ ይበጃል። ከዚያ በኋላ ኔትወርክ በሌለበት ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ማድረግ ይቻላል፤ ጂፒኤሱ በአብዛኞቹ ስልኮች ሥራውን ይቀጥላል፣ ኔትወርክ ፍለጋ ይባክን የነበረው ባትሪም ይተርፋል።

ኔትወርክ መጥፋት በወሎ እንደ ድንገተኛ ነገር የሚታይ አይደለም። ገደል ውስጥ ሲገቡ ይጠፋል፣ መብራት ሲቋረጥ ይጠፋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ካርታው አስቀድሞ በስልኩ ላይ ያልነበረ ሰው በገዛ ከተማው ውስጥ እንኳ የፈለገውን ቦታ መፈለግ አልቻለም። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ መተግበሪያ፣ ለምሳሌ ዌዝ፣ በዚህ አካባቢ ገና ከምርጫው በር ላይ ይቀራል። ዌዝ የሚጠቅመው ብዙ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ስለ መጨናነቅና ስለ አደጋ በሚያሳውቁበት ትልቅ ከተማ ነው፤ በደላንታ ሜዳ ላይ የሚያሳውቅ ሌላ ተጠቃሚ አይገኝም።

የሚቀሩት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። በአንድ በኩል እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ጉግል ማፕስ አለ። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በላሊበላ ሆቴል፣ ባንክ፣ ማደያና ሆስፒታል ለመፈለግ ከእርሱ የሚሻል አላገኘሁም። ገጽታውን በአማርኛ ማድረግ ይቻላል፤ አካባቢውን አስቀድሞ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለመኪና መንገድ እንዲመራ ማድረግም ይቻላል። የወረደው ካርታ ግን ሳይታደስ ከቆየ ጊዜው ያልፍበታል፤ ከመንገድ በፊት ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ትልቁ ጉድለቱ ሌላ ነው። በወሎ ገጠር መንገዱ አስፋልት ይሁን ጠጠር፣ ወይስ በበጋ ብቻ የሚያስኬድ የአፈር መንገድ፣ ብዙውን ጊዜ ለይቶ አይነግርም። አንዱም ሌላውም ነጭ መስመር ነው።

በሌላው በኩል እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ አለ። ይህ በራሱ የስልክ መተግበሪያ ሳይሆን በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚሞሉት፣ ማንም ሊያርመውና ማንም ሊጠቀምበት የሚችል የካርታ መረጃ ነው። ኦስማንድ፣ ኦርጋኒክ ማፕስና ማፕስ ሚ የሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ሁሉም የሚቀዱት ከዚህ አንድ ምንጭ ነው። ይህን ማወቅ ተግባራዊ ጥቅም አለው። ሦስቱንም ስልኩ ላይ ጭኖ «ሦስቱም ይህንኑ መንገድ አሳዩኝ» ብሎ የሚተማመን ሰው ሦስት ምስክር አላቆመም፤ አንዱን ምስክር ሦስት ጊዜ ነው የሰማው። ማመሳከር ከተፈለገ የጉግልን ካርታ ከነዚህ ከአንዱ ጋር ነው ማመሳከር የሚገባው፣ ምንጫቸው የተለያየ ነውና። ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ ካልተስማሙ ሰው ሳይጠይቁ ወደፊት መግፋት አይገባም።

ከእነዚህ መካከል ከአስፋልት ለሚወጣ አሽከርካሪ የምመርጠው ኦስማንድን ነው። ምክንያቴ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። መንገድ ካሰላ በኋላ ዝርዝሩን ሲከፍቱት፣ ከጠቅላላው ጉዞ ስንቱ አስፋልት፣ ስንቱ ጠጠር፣ ስንቱ አፈር እንደሆነ በኪሎ ሜትር ከፋፍሎ ያሳያል፤ ማንም ያልመዘገበውን ክፍል ደግሞ «ያልተገለጸ» ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ይህች «ያልተገለጸ» የምትል መስመር ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች። ከኩታበር ወዲያ የታሰበው መንገድ ግማሹ ያልተገለጸ ሆኖ ከተገኘ አሽከርካሪው በዚያው በደሴ መናኸሪያ ወርዶ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ኦርጋኒክ ማፕስ ቀለል ያለ፣ ፈጣን፣ ማስታወቂያ የሌለበትና ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ ከተማ ለከተማ ለሚሄድ ሰው ከበቂ በላይ ነው፣ እንደ ኦስማንድ ግን መረጃውን ዘርዝሮ አያቀርብም። የኦስማንድ ጣጣው ቅንብሩ ብዙ መሆኑ ነው። ከመንገድ በፊት አንድ ምሽት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ካልተለማመዱት በስተቀር ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የሚማሩት ነገር አይደለም። በጉግል የመተግበሪያ መደብር ያለው ነፃ ቅጂ የሚፈቅደው የካርታ ብዛትም ውስን ነው፤ ኤፍድሮይድ ከሚባለው ነፃ መደብር የሚወርደው ግን ይህ ገደብ የለበትም።

ይህን የምለው የክፍያ ነገር በኢትዮጵያ ቀላል ስላልሆነ ነው። በውጭ አገር ጽሑፎች ከአስፋልት ውጭ ለመንዳት ደጋግመው የሚመከሩት ጋያ ጂፒኤስና ኦንኤክስ ኦፍሮድ በዓመት በዶላር የሚከፈልባቸው ናቸው። የኦንኤክስ ጥንካሬ ደግሞ የአሜሪካን የሕዝብና የግል መሬት ወሰን እንዲሁም በዚያ አገር ለመኪና ክፍት የሆኑ የገጠር መንገዶችን በዝርዝር መያዙ ነው። ያ ሁሉ ለዩታ በረሃ እንጂ ለመቅደላ አምባ የሚፈይደው የለም።

አሁን ወደ ዋናው አሳሳች ነገር ልምጣ፤ እርሱም መተግበሪያው የሚሰጠው ሰዓት ነው። ስሌቱ ሰዓቱን የሚያገኘው ለየመንገዱ ዓይነት አስቀድሞ ከተሰጠ ፍጥነት ነው፦ ዋና መንገድ ከሆነ ይህን ያህል፣ መጋቢ መንገድ ከሆነ ይህን ያህል። ብዙ ስልኮች በሚመላለሱበት መንገድ ጉግል እውነተኛውን ፍጥነት ከስልኮቹ ይማራል፤ ማንም ስልክ ይዞ በማያልፍበት መንገድ ግን ያው ግምት ነው። በኦፕን ስትሪት ማፕ አንድ ሰው ከሳተላይት ምስል ላይ አይቶ ሁለት ወረዳ የሚያገናኝ መንገድ ብሎ ከመዘገበውና የመንገዱን ገጽ ሳይጽፍ ካለፈ፣ ስሌቱ ደህና ጠጠር ነው ብሎ ሊገምት ይችላል። ቦታው ላይ ያለው ግን ሲዘንብ ጎማ የሚውጥ ዋልካ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚታመን ሰዓት በመናኸሪያው ይገኛል። «ወደ ወገል ጤና የሚሄደው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ረዳቱን መጠየቅ ነው። የሚነግርዎት ሰዓት ኮረኮንቹን፣ ኬላውንና ዳገት ላይ ጭነት ይዞ የሚያዘግመውን አይሱዙ ሁሉ ያካተተ ነው። ሳይጨልም ለመድረስ መታቀድ ያለበትም በዚህ ሰዓት ነው።

ሰዓቱ የማይነግረውን ከፍታው ይነግራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአማካይ ሲሰላ በየ100 ሜትሩ የሚወርደው ሦስት ሜትር አይሞላም፤ እንዲህ ሲባል የማያስፈራ ቁልቁለት ይመስላል። በዚሁ መንገድ ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሾፌር ግን አማካዩ ምን ያህል እንደሚዋሽ ያውቃል። ቁልቁለቱ ሁሉ በአንድ ጎን ተከምሮ ነው የሚጠብቀው፤ በዚያ ላይ ማርሽ ሳያሳንስ ፍሬን ብቻ ይዞ የወረደ ከባድ መኪና ፍሬኑ ይግልበትና እምቢ ይለዋል። ስለዚህ መንገዱን ከማጽደቅ በፊት መታየት ያለበት የጉዞው የከፍታ ሥዕል ነው። ኦስማንድ ይህን ያለ ኢንተርኔት ማሳየት ይችላል። በብዙ የካርታ መተግበሪያዎች ለዚህ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኤንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኩራኩር በ11 ቀን ጉዞ በራዳር የለካችው መረጃ ነው። መረጃው በየ30 ሜትሩ አንድ ልኬት ስላለው ተራራና ሸለቆ በደንብ ይለያል፤ መንገድ ዳር ያለ የአሥር ሜትር ገደል ግን ሊያመልጠው ይችላል።

የበሽሎን ሸለቆ ለሚሻገር ሰው ይህ ዋናው መመዘኛ ነው። ከደላንታ አፋፍ ላይ ሆነው ሲያዩት መቅደላ ከፊት ለፊት የቆመ አምባ ነው፤ በካርታው ላይም በጣት ሲለካ ቅርብ ነው። በመካከል ግን ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድና ያንኑ ያህል የሚወጣ ገደል አለ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ይዘው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነበር፤ ያን ሁሉ ወራት የፈጀባቸው መንገዱን ራሳቸው እየጠረጉ ገደሉን መውረድና መውጣት ስለነበረባቸው ነው። ምድሩ ዛሬም ያው ነው። ኮንቱር የሚባሉት የከፍታ መስመሮች ተጠጋግተው ጥቁር ክር ከመሰሉበት ቦታ ላይ መንገዱ ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ከተሳለ፣ ያ የመኪና መንገድ ሳይሆን የእግርና የበቅሎ መንገድ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። የመኪና መንገድ እንዲህ ባለ ገደል ላይ ሳይጠማዘዝ አይወርድም።

ወቅቱን ደግሞ የትኛውም መተግበሪያ አያውቀውም። በወሎ ደጋ ዝናብ የሚመጣው በሰኔ ብቻ አይደለም፤ ከየካቲት ጀምሮ በልግ አለ፣ እርሱም አፈሩን አርሶ መንገድ ይዘጋል። ቆላው ሌላ ጠባይ አለው። በቆቦ ሜዳ ከምዕራብ ተራሮች የሚወርዱት እንደ ጎሊና ያሉ ወንዞች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ተራራው ላይ በጣለ ዝናብ ብቻ በድንገት ሊሞሉ ይችላሉ። በሳተላይት ምስል ላይ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየው። ጥርት ያለ ምስል የሚነሣው ደመና በሌለበት በበጋ ስለሆነ የወንዙ ወለል ደረቅ አሸዋ ሆኖ፣ የመኪና ጎማ ዱካም ታትሞበት፣ ሰፊ መንገድ መስሎ ይታያል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተሠራው የባቡር መስመርም ቆረጣውና ሙሌቱ ከላይ ሲታይ አዲስ አውራ ጎዳና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን ጉግል ኧርዝ ፕሮ ከፍቶ የምስሉን ቀን ማንበብ፣ የቀድሞ ዓመታት ምስሎችንም ወደኋላ እየሄዱ ማነጻጸር ይጠቅማል። በአንዱ ዓመት ምስል ኖሮ በሌላው የጠፋ መስመር አስተማማኝ መንገድ አይደለም።

ቦታን በካርታ ላይ ስለሚያመለክቱት ቁጥሮች (ኬክሮስና ኬንትሮስ) አንድ ነገር ሳልል ባልፍ አይሆንልኝም፤ ጥፋቱ ትንሽ፣ መዘዙ ትልቅ ነውና። የቦታ ስሞቻችን በላቲን ፊደል ሲጻፉ በየካርታው የተለያዩ ስለሚሆኑ ብዙ ሰው ቦታን በቁጥር ይለዋወጣል፤ ጥሩ ልማድ ነው። ደሴ በሰሜን 11.13፣ በምሥራቅ 39.63 ላይ ናት። ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይሮ የጻፈ ሰው በሰርዴኛና በጣሊያን መካከል ያለ ባሕር ላይ ይወድቃል፤ ይህ ስሕተት ቶሎ ስለሚታይ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው በደቂቃና በነጥብ መካከል ያለው ነው። ወልድያ በሰሜን 11 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ አካባቢ ናት፤ ይህ በነጥብ ሲጻፍ 11.83 ይሆናል። 11.50 ብሎ የጻፈ ሰው ግን ወደ 37 ኪሎ ሜትር ደቡብ ተንሸራቶ ውጫሌ አካባቢ ይገኛል፤ ቁጥሩም ካርታውም ትክክል ስለሚመስሉ ማንም አይጠረጥርም። የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ያሳተማቸውን በ1፡50,000 ልኬት የተሠሩ ካርታዎች ስልክ ላይ ጭነው የሚጠቀሙ ደግሞ ነባሮቹ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል የቦታ ልኬት መነሻ (ዳተም) እንደተሠሩ፣ ጂፒኤስ ግን በሌላ መነሻ እንደሚሠራ ይወቁ። ሁለቱ ሳይስተካከሉ ከተደራረቡ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይዛነፋል። ሜዳ ላይ ምንም አይደለም፤ ገደል አፋፍ ላይ ግን ሕይወት ነው።

ሰው መጠየቅም ብልሃት ይፈልጋል። የወሎ ሰው እንግዳን ማስከፋት አይወድም። «አያ፣ ይህ መንገድ መኪና ያስኬዳል?» ብለው ከጠየቁት «አብሽር፣ ያስኬዳል» ሊልዎት ይችላል፤ ውሸት አልነገረዎትም፣ ባለፈው ጥር መኪና ሲያልፍ አይቷል። ጥያቄው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «አያ፣ መጨረሻ መኪና ያለፈው መቼ ነው? አይሱዙ ነበር ወይስ ላንድክሩዘር? ወንዙን እንዴት ተሻገረው?» ለዚህ የሚያገኙት መልስ የተለየ ነው፤ ቀኑን፣ የመኪናውን ዓይነት፣ አንዳንዴም የተቀበረበትን ቦታ ጭምር ይነግሩዎታል።

የፀጥታውም ጉዳይ እንደዚሁ ከካርታ ውጭ ነው። በክልሉ ግጭት ባለበት በዚህ ጊዜ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል፤ ጉግል ይህን አያውቅም፣ ኦስማንድም አያውቅም። በዚያው ጠዋት ከወዲያኛው ጫፍ የመጣ ሾፌር ነው የሚያውቀው፤ ስልክ ደውሎ ሳያረጋግጡ መነሣት አይገባም። የሄዱበትን ዱካ የሚመዘግበው አገልግሎት ለመመለሻ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ያለፉበትን መንገድ በጨለማም በጭጋግም መልሶ ያሳያል። ዱካውን በቀጥታ ለሕዝብ ማሰራጨት ግን በዚህ ወቅት አልመክርም፤ ኬላና የጦር ሰፈር ምልክት ማድረግ ወይም ፎቶ ማንሣት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ጋር የካርታው ጉድለት በሌላ ሰው እጅ ያለ ነገር አይደለም። የኦፕን ስትሪት ማፕ «ያልተገለጸ» የሚለው መንገድ እንዲገለጽ የሚያስፈልገው መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው። ስትሪት ኮምፕሊት የሚባለው ነፃ የአንድሮይድ መተግበሪያ ባለሙያነት አይጠይቅም፤ ቦታው ላይ ሲደርሱ «የዚህ መንገድ ገጽ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ አስፋልት፣ ጠጠር ወይም አፈር ብሎ በሥዕል መምረጥ ነው። መልሱ ኢንተርኔት በተገኘ ጊዜ ይላካል፤ ኦስማንድ ካርታዎቹን በየወሩ ስለሚያድስ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሌላው አሽከርካሪ ስልክ ላይ ይወጣል። ከሁሉ በፊት መመዝገብ ያለባቸው ድልድይ የሌላቸው የወንዝ ማቋረጫዎችና በክረምት የማያስኬዱ መንገዶች ናቸው። ሌላ አገር ተቀምጦ የበጋ ምስል እያየ መንገድ የሚስለው በጎ ፈቃደኛ እነዚህን ሊያውቃቸው አይችልም። ከደሴ፣ ከመርሳ፣ ከቆቦ ጭነት ይዘው ዓመቱን ሙሉ የሚመላለሱት ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው ግን እያንዳንዱን በስሙ ያውቁታል፤ የወረዳ የገጠር መንገድ ጽሕፈት ቤቶችም የትኛው መንገድ በየትኛው ወር እንደሚዘጋ ያውቃሉ። ይህን እውቀት ወደ ካርታው ማስገባት ለመጀመር ስማርት ስልክ ያለው አንድ ረዳትና አንድ ሙሉ የክረምት ወቅት ይበቃል።